የሞሎካዩ አባ ዳሚያን

የነገሥታትና የጦር አለቆች ታሪክ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ እኛም በትምህርት ቤታችን ስለ እነርሱ ብዙ ተምረናል። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ግን ሠራዊት ያልመሩ፥ ሀብት ያላከማቹ፥ በንግግር ችሎታቸውም ያልተደነቁ የአንድ ቄስ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ እንወዳለን። እኚህ ሰው መዶሻና መጋዝ ይዘው፥ ቁስል እያጠቡ፥ መቃብርም እየቈፈሩ የክርስትና ሃይማኖታቸውን በየቀኑ ሥራ የገለጡ ናቸው። ስማቸውም አባ ዳሚያን ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

አባ ዳሚያን በጃንዋሪ 3 ቀን 1840 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር ትሬሜሎ በምትባል የገጠር መንደር ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ዮሴፍ ደ ቮስተር ነበር። ዮሴፍ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ በሥራ ያደገ፥ ጕልበቱ የጠነከረ ልጅ ነበረ። አባቱ እህል ነጋዴ ስለ ነበር ልጁ ንግዱን እንዲረከብለት አስቦ ወደ ትምህርት ላከው። ነገር ግን ታላቅ ወንድሙ ቀደም ብሎ መንኵሶ ፓምፊል የሚባል ስም ተቀብሎ ነበርና ዮሴፍም የወንድሙን መንገድ ለመከተል ልቡ ተነሣ። በ1859 ዓ.ም. በሉቨን ከተማ ወደሚገኘው ወደ ወንድሙ ገዳም ገብቶ ዳሚያን ተባለ።

በገዳሙ የነበሩ አለቆች ይህ ወጣት ላቲን ስለማያውቅ ለቅስና የሚበቃ አልመሰላቸውም ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ የተቀበሉት በእጅ ሥራ ገዳሙን እንዲያገለግል ነው። እሱ ግን ከወንድሙ ዘንድ ላቲን እየተማረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ብዙ ስለ ገፋ፥ አለቆቹ አሳባቸውን ለውጠው የቅስና ትምህርት እንዲቀጥል ፈቀዱለት።

በ1863 ዓ.ም. ፓምፊል በፓሲፊክ ውቅያኖስ ወደሚገኙት ወደ ሃዋይ ደሴቶች ሄዶ ወንጌል እንዲያስተምር ታዘዘ። ጕዞው በተቃረበ ጊዜ ግን በተስቦ በሽታ ታሞ ተኛ። ያን ጊዜ ዳሚያን ትምህርቱን እንኳ ገና ሳይጨርስ በወንድሙ ፈንታ እንዲላክ ፓሪስ ለሚኖሩት ለማኅበሩ የበላይ አለቃ ጻፈ፤ ልመናውም ተፈቀደለት። በመርከብ ወደ አምስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ተጕዞ በማርች 19 ቀን 1864 ዓ.ም. ሆኖሉሉ ደረሰ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ቅስና ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ አባ ዳሚያን ዘጠኝ ዓመት ያህል ሃዋይ በምትባለው በትልቋ ደሴት አገለገሉ። ከመንደር ወደ መንደር በእግርና በፈረስ እየተዘዋወሩ የአገሩን ቋንቋ ተማሩ፤ ከምእመናኑ ጋር እንጨት ተሸክመው ትንንሽ ቤተ ክርስቲያኖችንም ሠሩ። በዚህ ጊዜ የተማሩት የአናጢነት ሥራ በኋላ ለታላቅ ነገር ጠቀማቸው።

በዚያን ዘመን ሃዋይ የራስዋ ንጉሥ ያላት ነጻ መንግሥት ነበረች። ከውጭ አገር የገቡ በሽታዎች ሕዝቧን እየጨረሱት ነበር። ከእነዚህም አንዱ የሥጋ ደዌ ነው። መድኃኒት ስላልነበረው፥ እንዴት እንደሚተላለፍም ማንም ስላላወቀ፥ በ1865 ዓ.ም. በንጉሥ ካሜሃሜሃ 5ኛ ዘመን ሕመምተኞቹ ከሕዝብ እንዲለዩ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ከ1866 ዓ.ም. ጀምሮ ሕመምተኞቹ ሞሎካይ በምትባል ደሴት ወደሚገኝ ባሕረ ገብ ምድር ይላኩ ጀመር። ቦታው በሦስት ወገን ባሕር፥ በአራተኛው ወገን ብዙ መቶ ሜትር ከፍታ ያለው ገደል የከበበው ነው። ባል ከሚስቱ፥ እናት ከልጅዋ እየተለየች በመርከብ ተጭና እዚያ ትጣል ነበር። ወደዚያ የሄደ ሰው እንደ ሞተ ይቈጠር ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

በ1873 ዓ.ም. የሃዋይ ካቶሊካውያን ጳጳስ ስለ እነዚህ ሰዎች ለካህናቱ በተናገሩ ጊዜ አራት ቄሶች በየተራ ሄደው ለማገልገል ፈቃደኞች ሆኑ። የመጀመሪያው ተረኛ አባ ዳሚያን ነበሩ። በሜይ 10 ቀን 1873 ዓ.ም. ካላዋኦ በምትባለው የሕመምተኞች መንደር ደረሱ፤ ዕድሜያቸውም 33 ዓመት ነበር። ማደሪያ ቤት ስላልነበራቸው የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በነበረ ዛፍ ሥር ተኙ። ብዙም ሳይቈዩ ለአለቆቻቸው ጽፈው ተራ መለዋወጡ ቀርቶ እሳቸው በቋሚነት እዚያ እንዲኖሩ ለመኑ።

ቤተ ክርስቲያን ከእሳቸው በፊት ተሠርቶ ስለ ነበር፥ ሌላ ሰው ቢሆን ቀድሶና ሰብኮ ወደ ማደሪያው ለመመለስ ይችል ነበር። አባ ዳሚያን ግን ሕዝቡ ውሃ ከሩቅ እየተሸከመ መምጣቱን ባዩ ጊዜ ወደ ሸለቆው ወጥተው ምንጩን መረመሩ፤ መንግሥትም ቧንቧ እንዲልክ ጠይቀው ከሕመምተኞቹ ጋር ውሃውን እስከ መንደሩ አደረሱት። ቁስሉን ለሚያጥብ ሰው በቅርብ የሚገኝ ንጹሕ ውሃ ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደ ሆነ አስረጅ አያስፈልገውም። ብርቱ ነፋስ መጥቶ የሣርና የቅጠል ጎጆዎቹን ባፈራረሰ ጊዜም ጣውላና ምስማር ከመንግሥት አስልከው፥ ጕልበት ከቀረላቸው ሕመምተኞች ጋር ከመሬት ከፍ ያሉ የእንጨት ቤቶች ሠሩ።

ከእሳቸው በፊት ብዙ ሙታን ያለ ሣጥን ይቀበሩ ነበር። አባ ዳሚያን የሬሳ ሣጥን በእጃቸው እየሠሩ፥ መቃብሩንም አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው እየቈፈሩ እያንዳንዱን ሟች በጸሎት ቀበሩ። ሕመምተኞቹም ሙታናቸውን በክብር የሚሸኙበት ማኅበር አቋቋሙ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የዕድርን ጥቅም ለምናውቅ ይህ ሥራ ከስብከት ያላነሰ መሆኑ ወዲያው ይገባናል። እናትና አባት ለሌላቸው ልጆች የእጓለ ማውታ ቤት ሠሩ። መዘምራንን አሰለጠኑ፤ የሙዚቃ ጓድም አቆሙ። ጣቶቻቸው በበሽታው የጐደሉ ሰዎች የሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወቱ መስማት ለጐብኚዎች እጅግ የሚያስደንቅ ነበር።

ዳሩ ግን ከቤቱና ከውሃው ይልቅ የሕዝቡን ልብ የሳበው ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያ የቁስሉ ሽታ እየከበዳቸው እሱን ለመቋቋም ፒፓ ማጨስ ጀምረው ነበር። ሆኖም ፊታቸውን ከማንም አላዞሩም። ቁስል አጥበው በጨርቅ ይጠቀልሉ ነበር። የአገሩ ሰው ፖይ የሚባል፥ ታሮ ከሚባል ተክል ሥር የሚሠራ ለስላሳ ገንፎ በጣቱ እየጠቀሰ ከአንድ ሳህን ይበላል። አባ ዳሚያንም ከሕመምተኞቹ ጋር ከዚያው ሳህን ይበሉ ነበር። በእኛም አገር ከአንድ ገበታ የበላ ሰው ቤተ ሰብ ነው። ዘመዱ ሸሽቶት ለዓመታት ብቻውን ለበላ ሰው ያች አንዲት ጕርሻ ምን እንደ ነገረችው እናስብ። በስብከታቸውም ጊዜ ራሳቸውን ከሕመምተኞቹ ለይተው አያዩም ነበር፤ ገና ጤነኛ ሳሉ ከእነርሱ እንደ አንዱ አድርገው ይቈጥሩ ነበር።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልሆነም። የጤና ሹማምንት በመጀመሪያው ጊዜ ከሞሎካይ እንዳይወጡ ከለከሏቸው። አንድ ቀን አለቃቸው በመርከብ መጥተው ሳለ የመርከቡ አዛዥ መገናኘትን ስለ ከለከለ፥ አባ ዳሚያን በትንሽ ጀልባ ላይ ቆመው፥ አለቃቸው ደግሞ ከመርከቡ ላይ ሆነው እየሰሙ፥ ኃጢአታቸውን ጮኸው በፈረንሳይኛ ተናዘዙ።

ጠባያቸው ፍጹም ነበር ብለን አንጽፍም። አባ ዳሚያን ግልፍተኛና ግትር ነበሩ። ለሕዝባቸው እንጨት፥ ልብስና መድኃኒት ሲለምኑ ልክ አያውቁም፤ በዚህም ምክንያት ከሹማምንትና ከገዛ አለቆቻቸው ጋር ብዙ ጊዜ ተጋጭተዋል። ነገር ግን የተጣሉት ለራሳቸው ጥቅም አልነበረም።

በ1884 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ቀን እግራቸውን በጣም በሞቀ ውሃ ውስጥ ነከሩ። ቆዳቸው ሲላጥ አዩ እንጂ ሕመም አልተሰማቸውም። የሥጋ ደዌ የሰውነትን ስሜት እንደሚያጠፋ ከማንም ይልቅ ያውቁ ስለ ነበር ምን እንደ ደረሰባቸው ወዲያው ተረዱ። ከዚያ በኋላ በቀሩላቸው አራት ዓመታት ሥራቸውን ከመቀነስ ይልቅ አፋጠኑት።

የሥራቸው ወሬ በዓለም ስለ ተሰማ ረዳቶች መጡ። በ1886 ዓ.ም. በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ወታደር የነበረ ዮሴፍ ዳተን የሚባል ሰው ደረሰ፤ እስከ ሞተበት እስከ 1931 ዓ.ም. ድረስ ሕመምተኞቹን አገለገለ። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ እማሆይ ማሪያን ኮፕ ከእኅቶቻቸው ጋር መጡ። እማሆይ ማሪያን በሆስፒታል ሥራ የተለማመዱ ስለ ነበሩ እኅቶቹ እጃቸውን ዘወትር እንዲታጠቡ ጥብቅ ሥርዓት አወጡ፤ ከእኅቶቹም አንዲት እንኳ በበሽታው አልተያዘችም። ከዚህ የምንማረው ፍቅርና ንጽሕና አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ነው።

አባ ዳሚያን በአፕሪል 15 ቀን 1889 ዓ.ም. በ49 ዓመታቸው ዐረፉ። ከ16 ዓመት በፊት በተኙበት ዛፍ ሥር ተቀበሩ። ከሞቱ በኋላ የሌላ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆነ አንድ ሰው ስማቸውን የሚያጐድፍ ደብዳቤ ጻፈ። የስኮትላንዱ ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ግን ሞሎካይን በዓይኑ አይቶ፥ ሕመምተኞቹንም ጠይቆ ነበርና በ1890 ዓ.ም. ብርቱ መልስ አሳተመ። ስቲቨንሰን ራሱ ካቶሊክ አልነበረም፤ የአባ ዳሚያንንም ጕድለት አልሸሸገም፤ ስለ ሥራቸው ግን መሰከረላቸው። በ1936 ዓ.ም. ዐፅማቸው ወደ ቤልጅግ ተወሰደ፤ በ1995 ዓ.ም. ቀኝ እጃቸው ተመልሶ በካላዋኦ በመጀመሪያው መቃብር ዐረፈ። ያን ሁሉ ሣጥን የሠራ እጅ በሠራበት ቦታ ማረፉ ተገቢ ነው። በ2009 ዓ.ም. የሮማ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ሰየመቻቸው።

አባ ዳሚያን ሞሎካይ በገቡበት በዚያው በ1873 ዓ.ም. የኖርዌዩ ሐኪም ሃንሰን የበሽታውን ተሐዋስያን አገኘ። ሕክምናው ግን ብዙ ዘመን ፈጀ። ሕመምተኞችን የሚለየው የሃዋይ ሕግ የቀረው በ1969 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ 8,000 ያህል ሰዎች ወደዚያ ተልከዋል። ከ1981 ዓ.ም. ወዲህ የዓለም የጤና ድርጅት ባጸደቀው የተቀናጀ መድኃኒት የሥጋ ደዌ ይድናል። አብዛኛው ሰውም በተፈጥሮው በሽታውን የሚቋቋም ኃይል አለው። በአገራችንም በአዲስ አበባ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህ ሕክምናና ትምህርት የቆመው የአለርት ማዕከል ብዙ ሰዎችን ረድቷል። በሽታው መድኃኒት ቢያገኝም ሰውን የመጸየፍ ልማድ ግን በክኒን አይድንም።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፥ ከእኛ መካከል ወደ ሩቅ ደሴት የሚላክ ምናልባት አንድም አይገኝም። ነገር ግን በክፍላችን ማንም አብሮት የማይቀመጥ ልጅ አለ፤ በመንገዳችን ሰላምታ የሚከለከል ሕመምተኛ አለ፤ በሰፈራችን ውሃ የሚቀዳላት ያጣች አሮጊት አለች። አባ ዳሚያን ሞሎካይ ሲደርሱ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ምን እንደ ሆነ አይተው መዶሻቸውን አነሡ። ጕልበቱም ጊዜውም ያለን እኛ ደግሞ ነገ ጠዋት እንሥራውን ብንወስድላት፥ ከዚያ ልጅ አጠገብ ብንቀመጥ፥ ያን ሰው ጤና ይስጥልኝ ብንለው የእሳቸውን ሃይማኖት በጥቂቱ ተምረናል ማለት ነው።