ሳይክልን በሰው ልክ የሠራው ጆን ኬምፕ ስታርሊ

ዛሬ የአንድ ሰው ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሰውየው በዓለም የሳይክል ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም ያለው ነው፤ እኛ ጋ ግን ስሙ ብዙም አይነሳም። ሥራውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከቁሐር ሚካኤል ወደ ወረታ ደብተሩን ከኋላ አስሮ የሚመጣ ተማሪ የሚነዳው ሳይክል፣ ባሕር ዳር ላይ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛውን ሥራ ቦታው የሚያደርሰው ሳይክል፣ መሠረታዊ ቅርጹን ያገኘው በዚህ ሰው እጅ ነው።

ጆን ኬምፕ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1855 ለንደን አጠገብ በምትገኘው ዋልታምስቶው ተወለደ። አባቱ አትክልተኛ ነበር። ልጁ ገና በአፍላ ዕድሜው፣ በ1872፣ ቤቱን ትቶ ወደ ኮቨንትሪ ከተማ ሄደ። እዚያ አጎቱ ጄምስ ስታርሊ ነበር። አጎትየው የገበሬ ልጅ ነው፤ መካኒክነትን በራሱ ተምሮ መጀመሪያ የልብስ ስፌት መኪና፣ በኋላ ደግሞ ሳይክል የሚሠራ የታወቀ ባለሙያ ሆነ። ኮቨንትሪ የሐር ጥብጣብ ሽመናዋ የተዳከመባት ከተማ ስለነበረች እጁ ሥራ የለመደ ሰው ሞልቶባታል። ወጣቱ ጆን ሙያውን የቀሰመው በዚህ መሃል ነው።

ያኔ ሳይክል ማለት ምን እንደነበር ካላወቅን የዚህ ሰው ውለታ አይገባንም። ፔዳሉ በቀጥታ የሚገጠመው የፊተኛው ጎማ መሃል ላይ ነበር። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ብቻ ይዞራል። ስለዚህ ፍጥነት የፈለገ ሰው ትልቅ ጎማ ያስፈልገዋል። እንዲህ እየተባለ የፊተኛው ጎማ የሰው ደረት እስኪደርስ አደገ፤ የኋለኛው ደግሞ ትንሽ ሆኖ ቀረ። ነጂው ከላይ እንደ ማማ ላይ ይቀመጣል። ጎማው ድንጋይ ከመታ ወይም ፍሬን በድንገት ከተያዘ ሰውየው በአናቱ ወደፊት ይተከላል። የጎማው መጠን የሚመረጠውም በነጂው የእግር ርዝመት ነበር፤ የአንዱን ሳይክል ሌላው ተውሶ መንዳት አስቸጋሪ ነው። ባጭሩ ሳይክል የደፋርና የረጅም ወጣት ጨዋታ እንጂ የመንገደኛ መጓጓዣ አልነበረም። ሽማግሌው፣ አጭሩ፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰችው ሴት፣ ሁሉም ከዳር ቆመው ያያሉ።

ጆን ስታርሊ በ1877 ዊልያም ሳተን ከሚባል የሳይክል ወዳጅ ጋር የራሱን ድርጅት ከፈተ። ሐሳባቸው አንድ ነበር፦ የማይጥልና ለመንዳት የማያስቸግር ሳይክል መሥራት። መጀመሪያ ባለ ሦስት ጎማ ሠሩ። ለምርታቸውም ሮቨር የሚል ስም አወጡለት፤ ዘዋሪ፣ ተጓዥ እንደማለት ነው።

ከዚያ 1885 መጣ። በእኛ አገር ዘመኑ የአፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው፤ አዲስ አበባ እንኳ ገና አልተቆረቆረችም። ስታርሊ በዚያ ዓመት አዲሱን ሮቨር ይዞ ወጣ። ፔዳሉን ከፊተኛው ጎማ አውጥቶ በሁለቱ ጎማዎች መሃል አስቀመጠው፤ ኃይሉን በሰንሰለት ወደ ኋለኛው ጎማ አስተላለፈ። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ተኩል እንዲዞር ማድረግ የሚቻለው በሰንሰለቱ ጥርሶች ብዛት ነው። ታዲያ ይሄ ከሆነ ትልቅ ጎማ ለምን ያስፈልጋል? ሁለቱ ጎማዎች ተቀራራቢ ሆኑ፣ ኮርቻው ወደ ታች ወረደ፣ የነጂው እግር መሬት መንካት ቻለ።

እውነቱን ለመናገር ሰንሰለትን ለኋላ ጎማ ያሰበው እሱ ብቻ አይደለም። ሄንሪ ላውሰን የሚባል እንግሊዛዊ ከእሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሞክሮታል። የስታርሊ ብልጫ ሁሉንም አዋሕዶ ሰው የሚገዛው ነገር ማድረጉ ነው።

ገበያው ግን ወዲያው አላመነውም። ስለዚህ ስታርሊ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የ100 ማይል ውድድር አዘጋጀ፤ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ ሰው ስንተረጉመው፣ ከባሕር ዳር ተነስቶ ወረታን አልፎ ጎንደር ለመግባት ጥቂት የሚቀረው መንገድ ማለት ነው። ጆርጅ ስሚዝ የተባለው ጋላቢ በሮቨር ሳይክል ከ7 ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ጨረሰው። የዓለም ክብረ ወሰንም ሆነ። ዝቅ ያለው ሳይክል ቀርፋፋ ነው የሚለው ወሬ በዚህ አበቃ።

እኛን ከሁሉ በላይ የሳበን ግን በ1898 ለንደን ውስጥ ለሙያ ማኅበር ያቀረበው ንግግር ነው። ሥራውን ሲጀምር ምን እንደጠየቀ እዚያ አብራርቷል። ጥያቄዎቹ የተነሱት ከብረቱ ሳይሆን ከሰውየው ነው። ነጂው ከመሬት ምን ያህል ከፍ ቢል ይመቸዋል? የሰንሰለቱ ጥርስ እንደ ነጂው ጉልበት ሊቀየር ይችላል ወይ? ኮርቻው ከፔዳሉ አንጻር የት ቢሆን እግር በደንብ ይገፋል? መሪውስ የት ቢሆን ሰው ሳይደክመው ኃይሉን ይጠቀማል? ኮርቻውም መሪውም ከፍና ዝቅ እንዲሉ ያደረገው ለዚህ ነው። አንድ ሳይክል ለብዙ ዓይነት ሰው መሆን የቻለውም በዚሁ ነው።

አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። ትንሽ ጎማ ኮረኮንች ላይ አጥንት ያንቀጠቅጣል። ለእሱ መፍትሔ የመጣው ከሌላ ሰው ነው፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ ጆን ደንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት ጎማ ሳይክል ብሎ አየር የሚሞላ ጎማ ሠራ። ሁለቱ ሲገናኙ ሳይክል ዓለምን አጥለቀለቀ። የስታርሊን ቅርጽ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከተሉት። በ1890ዎቹ አጋማሽ ገበያው ጦፈ፤ ቀጥሎ ምርቱ ከፈላጊው በለጠና ዋጋው ወረደ። አሮጌውም ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። መጀመሪያ የባለጸጋ መዝናኛ የነበረው ነገር የሠራተኛው ማመላለሻ ሆነ። ሴቶችም ማንንም ሳይጠብቁ ወጥተው መግባት ቻሉ።

ስታርሊ ይህን ሁሉ አይቶ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1901፣ 46 ዓመት ሳይሞላው፣ በድንገት አረፈ። ሮቨር የሚለውን ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው በመኪና ነው፤ ድርጅቱ መኪና መሥራት የጀመረው ግን እሱ ካለፈ በኋላ ነው። በፖላንድ ቋንቋ እስከ ዛሬ ሳይክል የሚጠራው ከዚሁ ስም በመጣ ቃል ነው።

ይሄን ታሪክ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። የፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ ነው፤ ለሳይክል የተፈጠረ ቢባል ማጋነን አይደለም። በዚያ ላይ ወረታ የኮሌጅ ከተማ ናት። ከገጠር ቀበሌ ለሚመላለስ ተማሪ የየቀኑ የባጃጅ ሒሳብ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ በእግር ከሄደ ደግሞ ክፍል የሚደርሰው ደክሞ ነው። ሳይክል ልግዛ ሲል ገበያው ላይ ዓይን የሚስበው ማርሹ የበዛ፣ ስፕሪንግ የተገጠመለት ነው። ዕቃው በበዛ ቁጥር ግን የሚበላሸውም ይበዛል፤ መለዋወጫው ሲጠፋ ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል።

ለእኛ ተማሪ የሚሆነውን ሳይክል ለመሥራትም ሆነ ለመምረጥ የስታርሊ ዓይነት ጥያቄ ይበቃል። ጠዋት ልጁ፣ ቅዳሜ አባቱ፣ ሌላ ቀን እህቱ ይነዱታል፤ ኮርቻው በአንድ ቁልፍ ከፍና ዝቅ ይላል ወይ? ከኋላው ደብተርም፣ ገበያ ቀን ግማሽ ኩንታል ሩዝም ይችላል ወይ? ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ዋልካ ጭቃ ሲሆን በጎማውና በጭቃ መከላከያው መሃል ጭቃ የሚወጣበት ክፍተት አለው ወይ? ሰንሰለቱና ኩሽኔታው ቢያልቅ ወረታ ላይ ይገኛል ወይ? የብየዳ ቤት ያላችሁ ወጣቶች፣ የቴክኒክ ተማሪዎችና መምህራን፣ እነዚህ ጥያቄዎች በእናንተ አቅም የሚመለሱ ናቸው። የሳይክሉን ቅርጽ አዲስ መፍጠር አይጠበቅባችሁም፤ እሱ ከ130 ዓመት በላይ ሆነው። የቀረው ለእኛ መንገድና ለእኛ ኪስ ማስተካከል ነው።

በአካባቢያችሁ ሳይክል እያስተካከለ ለተማሪ የሚያቀርብ ባለሙያ ካለ ጠቁሙን፤ ሥራውን ሄደን አይተን እናቀርብላችኋለን። ለሚመለከተው ሰው ማጋራት አትርሱ።