የ67 ቀናት ሪፐብሊክና ማርሻል ቲቶ

ዮሲፕ ብሮዝ ቲቶ በዓለም የፖለቲካ መድረክ ይበልጥ የሚታወቁት የዩጎዝላቪያ ፕሬዚዳንትና ከገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ መሥራቾች አንዱ በመሆናቸው ነው። ይሁን እንጂ የአስተዳደርን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የመሩት በዋና ከተማዋ በቤልግሬድ ሳይሆን፣ በምዕራብ ሰርቢያ ተራሮች መካከል በምትገኘው ኡዢትሴ በተባለች አነስተኛ ከተማ ነበር። አብዛኛው አውሮፓ በናዚ ጀርመንና በአጋሮቿ ቁጥጥር ሥር በነበረበት በ1941 (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፓርቲዛን የተባሉት አርበኞች ለ67 ቀናት ያስተዳደሩት ይህ ነፃ ግዛት በታሪክ የኡዢትሴ ሪፐብሊክ በመባል ይታወቃል። ዕድሜው እጅግ አጭር ቢሆንም በውስጡ የተጀመረው የአስተዳደር ልምድ ከጦርነቱ በኋላ ለተመሠረተው መንግሥት ጥንስስ ሆኗል።

ቲቶ በሜይ 1892 በወቅቱ በኦስትሮ ሃንጋሪ ግዛት ሥር በነበረችው ክሮኤሽያ፣ ኩምሮቬትስ በተባለች መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ክሮኤሽያዊ፣ እናታቸው ስሎቬኒያዊት ነበሩ። በወጣትነታቸው የብረታ ብረት ሙያ ተምረው በሠራተኛነት ተሰማሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለኦስትሮ ሃንጋሪ ጦር ሲዋጉ በ1915 ቆስለው በሩሲያ ጦር ተማረኩ። በ1920 ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በኮሙኒስት ፓርቲ ውስጥ በመታቀፋቸውና ፓርቲው በመታገዱ ምክንያት፣ በ1928 የአምስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሕቡዕ ፓርቲው መሪ ሆኑ።

የጀርመን ጦርና አጋሮቹ ዩጎዝላቪያን የወረሩት በኤፕሪል 6 ቀን 1941 ነው። የንጉሣዊው መንግሥት ጦር በ11 ቀናት ውስጥ እጁን ሰጠ፤ ንጉሡና ሚኒስትሮቻቸውም ወደ ውጭ ተሰደዱ። አገሪቱ በወራሪዎቹ መካከል ተከፋፈለች። የቲቶ ፓርቲ በጁላይ 1941 የትጥቅ ትግል እንዲጀመር ወሰነ። በምዕራብ ሰርቢያ የተቀጣጠለው አመፅ የጀርመንን የጦር ሰፈሮች በየአቅጣጫው ሲያስጨንቅ፣ ጀርመኖች ኡዢትሴን ለቅቀው ወጡ። ፓርቲዛኖቹም በሴፕቴምበር 24 ቀን ወደ ከተማዋ ገቡ። የ49 ዓመቱ ቲቶም ቤልግሬድን በድብቅ ለቅቀው ከተዋጊዎቹ ጋር ተቀላቀሉ፤ ጠቅላይ መምሪያቸውንም ብሔራዊ ባንክ ይገለገልበት በነበረው የከተማዋ ሕንፃ ውስጥ አደረጉ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ አርበኞቹን የገጠማቸው ፈተና ከውጊያ ያለፈ ሆነ። ሕዝቡ ዳቦ፣ ነዳጅና ጨው ይፈልጋል። ክሮኤሽያንና ቦስኒያን ከያዘው የኡስታሻ አገዛዝ ጭፍጨፋ የሸሹ ስደተኞች መጠለያ ይሻሉ። ነጋዴው በችግር ጊዜ ዋጋ እንዳይቆልል መቆጣጠር፣ ወንጀለኛውን መዳኘት፣ ትምህርት ቤቶችን ማስከፈት፣ መንገዱንና ባቡሩን ማንቀሳቀስ የግድ ነበር። የቀድሞዎቹ የአስተዳደር አካላት ተበትነው ወይም ከወራሪው ጋር ተባብረው ስለነበር፣ በየመንደሩና በየከተማው ሕዝባዊ የነፃነት ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። ኮሚቴዎቹ ለጦሩ ስንቅ ከማቅረብ ጋር የነዋሪውን የዕለት ተዕለት ጉዳይ የማስፈጸም ኃላፊነት ወሰዱ።

በከተማዋ ቀድሞ የነበረው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በሠራተኞቹ ጥረት እንደገና ሥራ ጀመረ። ከአየር ጥቃት ለመከላከል ሲባልም ሥራው ከባንኩ ሕንፃ አጠገብ ኮረብታው ተፈልፍሎ ወደተሠራ ዋሻ ተዛወረ። በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ጠመንጃ ተመረተ፤ በላዩ ላይ ኮከብ የተቀረጸበት ይህ ጠመንጃ ፓርቲዛንካ የሚል ስያሜ አገኘ። ቦርባ የተባለው የፓርቲው ጋዜጣም በኦክቶበር ወር በከተማዋ መታተም ጀመረ።

ነፃነቱ ግን ከባድ ዋጋ የሚያስከፍል ነበር። የጀርመን ጦር አዛዦች ለአንድ ለተገደለ ጀርመናዊ 100፣ ለአንድ ለቆሰለ ደግሞ 50 ሰላማዊ ሰዎች እንዲረሸኑ ትእዛዝ አስተላልፈው ነበር። በዚሁ መሠረት በኦክቶበር 21 ቀን ክራጉዬቫትስ በተባለችው ከተማ፣ ከየትምህርት ክፍላቸው የተወሰዱ ተማሪዎችን ጨምሮ ወደ 2,800 የሚጠጉ ሰዎች በግፍ ተገደሉ። ይህ ጭፍጨፋ በአርበኞቹ መካከል የነበረውን ልዩነት ይበልጥ አሰፋው። ለንጉሡ ታማኝ የሆኑትን ቼትኒኮች ይመሩ የነበሩት ኮሎኔል ድራጎልዩብ ሚሀይሎቪች፣ የተባባሪዎቹ አገሮች ድል እስኪቃረብ ድረስ ኃይልን ቆጥቦ መጠበቅ ይሻላል የሚል አቋም ነበራቸው። ቲቶ ግን ትግሉ ለአንድ ቀን እንኳን መቋረጥ እንደሌለበት ያምኑ ነበር። ሁለቱ መሪዎች በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ወራት ሁለት ጊዜ ተገናኝተው ተነጋገሩ፤ መሣሪያ ለመካፈልም ተስማሙ። ስምምነቱ ሳይውል ሳያድር በኖቬምበር መጀመሪያ ቼትኒኮች በኡዢትሴ ላይ ጥቃት ከፈቱ። ጥቃቱ ቢከሽፍም የወንድማማቾች ጦርነት በይፋ ተጀመረ።

በአስተዳደሩ ውስጥም የሚያስወቅስ ድርጊት ተፈጽሟል። የቀድሞ የፓርቲው አባል የነበረውና የስታሊንን አገዛዝ የሚነቅፍ መጽሐፍ የጻፈው ዢቮዪን ፓቭሎቪች በኡዢትሴ ታስሮ ተገደለ። ይህም የተለየ ሐሳብን እንደ ጠላትነት የማየት ዝንባሌ ከጅምሩ እንደነበረ ያሳያል።

በኖቬምበር 17 ቀን የየአካባቢውን ኮሚቴዎች የሚያስተባብር ለመላው ሰርቢያ ዋና ሕዝባዊ የነፃነት ኮሚቴ በከተማዋ ተመሠረተ። ሊቀ መንበር ሆነው የተመረጡት ከቫልዬቮ አካባቢ የመጡት ገበሬ ድራጎይሎ ዱዲች ነበሩ። ከአምስት ቀናት በኋላ፣ በኖቬምበር 22 ቀን፣ በዋሻው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ በደረሰ ከባድ ፍንዳታ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ሕዝቡ ሐዘኑን ሳይወጣ የጀርመን ጦር በታንክና በአውሮፕላን ታግዞ ወደ ከተማዋ ገሰገሰ።

በኖቬምበር 29 ቀን ካዲንያቻ በተባለው ኮረብታ ላይ የኡዢትሴ ሠራተኞች ሻለቃ ጦር የጠላትን ግስጋሴ ለማዘግየት ተሰለፈ። ሻለቃው ከሞላ ጎደል አለቀ፤ በተገኘው ጊዜ ግን ጠቅላይ መምሪያውና የተቀሩት ተዋጊዎች ከተማዋን ለቅቀው ለመውጣት ቻሉ። ቲቶ ራሳቸው ያመለጡት ለጥቂት ነበር። በዝላቲቦር ተራራ ላይ የቀሩ ቁስለኞች በጀርመኖች ተረሸኑ። ዱዲችም በዚያ የማፈግፈግ ወቅት ወደቁ። የመሩት ዋና ኮሚቴ ዕድሜ ሁለት ሳምንት እንኳን አልሞላም።

ከዚህ ሽንፈት ቲቶና ጓዶቻቸው ትምህርት ቀስመዋል። በከባድ መሣሪያ ከሚበልጥ ጠላት ጋር ፊት ለፊት ተፋልሞ አንድን ከተማ ማስጠበቅ እንደማይቻል በመረዳት፣ በዲሴምበር 1941 ሩዶ በተባለች ከተማ ከቦታ ቦታ ተንቀሳቅሶ የሚዋጋ የመጀመሪያውን ብርጌድ አቋቋሙ። በአስተዳደር ረገድ ደግሞ የኡዢትሴ ልምድ በጽሑፍ እንዲሰፍር ተደረገ። በፌብሩዋሪ 1942 በፎቻ ከተማ ሞሻ ፒያዴ የተባሉት የቲቶ የትግል ጓድ ዋና ድርሻ የነበራቸው ደንብ ወጣ፤ ደንቡም የሕዝባዊ ኮሚቴዎችን አመራረጥ፣ ተግባርና ኃላፊነት ወሰነ። በዚህም ምክንያት አርበኞቹ አንድን አካባቢ ነፃ ባወጡ ቁጥር አስተዳደርን ከባዶ መጀመር አላስፈለጋቸውም።

ኡዢትሴ በወደቀች ልክ በሁለተኛው ዓመት፣ በኖቬምበር 29 ቀን 1943፣ በያይትሴ ከተማ የተሰበሰበው ሕዝባዊ ምክር ቤት አዲሲቱ ዩጎዝላቪያ በፌዴራላዊ ሥርዓት እንድትተዳደር ወሰነ፤ ለቲቶም የማርሻልነት ማዕረግ ሰጣቸው። በኖቬምበር 29 ቀን 1945 ደግሞ ንጉሣዊው አገዛዝ አክትሞ ሪፐብሊክ ታወጀ። የሽንፈቱ ዕለት የአገር ምሥረታ ዕለት ሆነ።

ቲቶ በ1948 ከስታሊን ጋር ተጣልተው የራሳቸውን መንገድ ያዙ፤ በ1961ም የመጀመሪያውን የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ በቤልግሬድ አስተናገዱ። በሌላ በኩል ተቃዋሚዎቻቸውን ጎሊ ኦቶክ በተባለ ደሴት ላይ ማጎራቸው በታሪካቸው ላይ ጥላ ያጠላ ድርጊት ነው። በፋሺዝም ወረራ ተመሳሳይ መከራ ከደረሰባት ኢትዮጵያ ጋርም የቅርብ ወዳጅነት መሥርተው ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዩጎዝላቪያን ጎበኙ፤ ቲቶም በ1955 ዲሴምበር አዲስ አበባ ገቡ። በስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የዩጎዝላቪያውያን ቀራፂዎች የአንቱን አውጉስቲንቺችና የፍራኖ ክርሺኒች ሥራ ነው። ክርሺኒች በ1961 በኡዢትሴ አደባባይ የቆመውን የቲቶ ሐውልትም የቀረጹ ናቸው።

ቲቶ በሜይ 4 ቀን 1980 በ87 ዓመታቸው አረፉ። ኡዢትሴ ከጦርነቱ በኋላ በስማቸው ቲቶቮ ኡዢትሴ ተብላ ትጠራ ነበር። ዩጎዝላቪያ መፈራረስ በጀመረችበት በ1991 ሐውልታቸው ከአደባባዩ ተነሣ፤ በቀጣዩም ዓመት ከተማዋ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች። ጠቅላይ መምሪያቸው የነበረው የባንክ ሕንፃ ግን ሙዚየም ሆኖ የእነዚያን 67 ቀናት ታሪክ ያስታውሳል። ከተማዋን የሚጠብቅ ጦር በማይኖርበት ጊዜ እንኳን የሚቀጥል አስተዳደር መዘርጋት እንደሚቻል ያሳዩት በመንደር ኮሚቴ ተሰብስበው እህል ያከፋፈሉ፣ የዳኙና ያስተማሩ ተራ ሰዎች ነበሩ።