የአቶሚክ ቦምብን ስም የሰጡት ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ

በሐርጌሳ ከተማ መካከል ከፍ ባለ መሠረት ላይ የተተከለ አንድ የሚግ ተዋጊ አይሮፕላን ይታያል። የዚያድ ባሬ መንግሥት አይሮፕላኖች በ1988 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከከተማይቱ ከራስዋ አይሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ከተማይቱን በቦምብ ለደበደቡበት ጊዜ መታሰቢያ ነው። ለሶማሌላንድ ግን ከሰማይ የሚወርድ እሳት ያን ጊዜ አዲስ አልነበረም። በ1920 መጀመሪያ በበርበራ ወደብ የተራገፉ 12 የእንግሊዝ አይሮፕላኖች የሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰንን ምሽጎች መትተዋል። እንዲህ ያለውን ጦርነት አስቀድመው በልብ ወለድ የጻፉት፥ ከቦምቦችም ሁሉ ለከፋው ስም ያወጡለት እንግሊዛዊው ደራሲ ኸርበርት ጆርጅ ዌልስ ናቸው።

ዌልስ በ1866 ያን ጊዜ ለንደን አጠገብ በነበረችው በብሮምሊ ተወለዱ። አባታቸው የሸክላ ዕቃና የክሪኬት መጫወቻ የሚሸጡባት ትርፍ የማይገኝባት ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። እናታቸው በአንድ ባለጸጋ ቤት የአገልጋዮች አዛዥ ሆነው ተቀጠሩ። ልጁም ገና በወጣትነታቸው በሳውዝሲ ከተማ ከጨርቃ ጨርቅ መደብር በለማጅነት ገብተው፥ በቀን 13 ሰዓት ያህል እየሠሩ ሁለት ዓመት ቆዩ። ጣቃ መጠቅለሉና ደንበኛ ማስተናገዱ ከቶ አልሆነላቸውም፤ በ1883 ጥለውት ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት በነፃ የመማር ዕድል አግኝተው በለንደን ከታላቁ ሊቅ ከቶማስ ሀክስሊ ዘንድ የሕይወት ሳይንስ ተማሩ። በ1895 «የጊዜ መኪና»፥ በ1898 «የዓለማት ጦርነት» የተባሉት መጻሕፍት ታትመው ስማቸው ገነነ። «የሰማይ ጦርነት» የተባለው በ1908 የወጣ ሲሆን፥ ኢጣልያኖች በሊቢያ ከአይሮፕላን ቦምብ የጣሉት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

ፍሬደሪክ ሶዲ የተባሉት ሊቅ ስለ ራዲዩም የጻፉትን መጽሐፍ ዌልስ አንብበው ነበርና፥ በ1914 «ነፃ የወጣችው ዓለም» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። በዚህም መጽሐፍ የአቶምን ኃይል የሚፈታው ሊቅ ግኝቱን በ1933 ያገኛል፤ የዓለምም ጦርነት በ1950ዎቹ ይነሣል። ቦምቡ የሚሠራበትን ንጥረ ነገር ካሮሊነም ብለው ሰየሙት። ከአይሮፕላኑ በእጅ ይጣላል፤ የወደቀበትም ቦታ ኃይሉ በየ17 ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ለብዙ ዘመን ሲነድ ይኖራል። በአሠራሩ ተሳስተዋል፤ የተመታው ምድር ከፍንዳታው በኋላም ለሰው ጠንቅ እንደሚሆን ግን በትክክል አይተዋል። ካሮሊነምን ዛሬ የሚያስታውሰው የለም። መሣሪያውን የጠሩበት የአቶሚክ ቦምብ የሚለው ተራ ስም ግን በየቋንቋው ገባ። ዕቃው ሳይሠራ ስሙ 31 ዓመት ቀድሞ ገበያ መውጣቱ በንግድ ዓለም እንኳ የተለመደ አይደለም።

መጽሐፉን በ1932 በበርሊን ካነበቡት አንዱ የሀንጋሪ ተወላጅ የፊዚክስ ሊቅ ሊዮ ዚላርድ ነበሩ። ዚላርድ በ1933፥ ዌልስ በልብ ወለዳቸው በወሰኑት ዓመት፥ በለንደን ሳሉ አንዱ የአቶም እምብርት ሲሰበር ሌላውን እየሰበረ የሚቀጥልበትን መንገድ አሰቡ። የፈጠራ መብቱን በስማቸው ካስመዘገቡ በኋላ ግን ልብ ወለዱ የሚያስከትለውን ነግሯቸው ነበርና፥ ምስጢሩ እንዲጠበቅ በ1936 ለእንግሊዝ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት አስረከቡት። በ1942 በቺካጎ ከኤንሪኮ ፌርሚ ጋር የመጀመሪያውን የአቶም ምድጃ ሠሩ። በሐምሌ 1945 ቦምቡ በጃፓን ላይ እንዳይጣል ከሊቃውንት ፊርማ አሰባስበው አቤቱታ አቀረቡ፤ ሰሚ አላገኙም።

ሂሮሺማ ነሐሴ 6 ቀን 1945 ስትመታ ዌልስ በለንደን ቤታቸው ታመው ነበር። በመጨረሻ መጽሐፋቸውም የሰው ልጅ ፍጻሜው እንደ ቀረበ ጽፈዋል። ነሐሴ 13 ቀን 1946 ዐረፉ። በ1941 አስቀድሜ አስጠንቅቄያችሁ ነበር የሚል የቁጣ ቃል በመቃብራቸው ላይ እንዲጻፍ ቢመኙም፥ አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ በባሕር ላይ ስለ ተበተነ፥ ቃሉ የሚቀረጽበት የመቃብር ድንጋይ አልቆመላቸውም።