ስሙን ያልጻፈበት መጽሐፍ

በዚህ ዕትም ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ስለሆነው ጣሊያናዊ ቼዛሬ ቤካሪያ ላወጋችሁ ነው። እንዴት እንደተዋወቅን ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

እናቴ እዚሁ ላስ ቬጋስ ካዚኖ ውስጥ ካርድ ታድላለች። ከጠረጴዛዋ በተነሳች ቁጥር እጆቿን አጨብጭባ መዳፎቿን ገልብጣ ታሳያለች። ጣሪያው ላይ ያለው ካሜራ ምንም እንዳልያዘች እንዲያይ ነው። የከተማችን ዲለሮች ሥርዓት ስለሆነ ሁሉም ያደርጉታል። አንዳንዴ ቤት ውስጥም ከማዕድ ስትነሳ ሳይታወቃት ታጨበጭባለች፤ እኛም እንስቃለን።

አጎቴ ደግሞ የሌሊት ታክሲ ነጂ ነው። ባለፈው ዓመት ተሳፋሪ መስሎ የገባ ሰው ቢላ አውጥቶ የዕለት ገቢውን ወሰደበት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አካሉ አልተነካም። በሳምንቱ እሑድ ቤታችን ቡና ላይ የተሰበሰበው ሰው በአንድ ድምፅ ፈረደ፦ የዚህ አገር ሕግ ልል ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው በአደባባይ ሰቅሎ ለሌላው ማሳየት ነው መድኃኒቱ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። በዚያው ሴሚስተር የወንጀል ሳይንስ ኮርስ ይዤ ስለነበር፣ ለመጀመሪያው ወረቀቴ የደረሰኝ ሰው ቤካሪያ ሆነ። ያን እሑድ የተስማማሁበትን ነገር አንድ በአንድ የሚሞግተኝ ሰው እንደሚሆን አላወቅሁም ነበር።

ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1738 ሚላን ውስጥ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። ከተማዋ ያኔ በኦስትሪያ ሥር ነበረች። በተወለደበት ጊዜ ሚላን ውስጥ አንድ የውርደት ሐውልት ቆሞ ነበር። በ1630 ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፣ በሽታውን ግድግዳ ላይ እየቀባችሁ አሰራጫችሁ ተብለው ሰዎች ተያዙ። በስቃይ ብዛት ያላደረጉትን አምነው ተገደሉ። ከእነሱ አንዱ የሆነው የፀጉር አስተካካይ ቤት ፈርሶ፣ በቦታው የጥፋቱ መታሰቢያ እንዲሆን ሐውልቱ ቆመ። ሚላኖች ከመቶ ዓመት በላይ በአጠገቡ ሲያልፉ ኖሩ። የፈረሰው በ1778 ነው።

ቤተሰቡ ቼዛሬን ፓርማ ወደሚገኘው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ላከው። እዚያ ስምንት ዓመት ቆየ፤ ትምህርቱንም አልወደደውም። በ1758 ከፓቪያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀ። ከዚያ ቴሬዛ የምትባል ልጅ ወደደ። አባቱ ለቤተሰባችን ክብር አትመጥንም ብለው አሻፈረኝ አሉ። ልጁ አልሰማ ሲል በባለሥልጣን ትእዛዝ ቤት ውስጥ አሳሰሩት። እሱ ግን በ1761 አገባት፤ ከአባቱ ቤትም ተለየ። ኋላ ያስታረቃቸው ፒየትሮ ቬሪ የሚባል ወዳጁ ነው። በእኛ አገር ቢሆን ሽማግሌ ሆኖ ገባ እንለው ነበር። ይህን ሳነብ፣ ስለ እስራት የጻፈው ሰው ያለ ፍርድ መታሰርን በራሱ ቤት እንደቀመሰው ገባኝ።

ፒየትሮና ወንድሙ አሌሳንድሮ ቬሪ የወጣቶች ማኅበር ነበራቸው። ስሙን የቡጢ አካዳሚ ብለውት ነበር፤ እንደ እኛ ማኅበር ክርክር የሚወዱ ናቸው ማለት ነው። አሌሳንድሮ የሚላን እስረኞች ጠባቂ የሚባል ሹመት ስለነበረው በየእስር ቤቱ ያየውን ለጓደኞቹ ይነግራቸው ነበር። ቤካሪያ ግን ዓይን አፋር፣ ለመጻፍ የሚሰንፍ፣ ሲከፋው ደግሞ ከሰው የሚሸሽ ልጅ ነበር። ጓደኞቹ እየገፋፉት፣ ፒየትሮም የጻፈውን እየገለበጠለት፣ ስለ ወንጀልና ስለ ቅጣት ትንሽ መጽሐፍ ጨረሰ። በ1764 ሊቮርኖ ላይ ታተመ። ዕድሜው 26 ነበር፤ ከእኛ የማስተርስ ተማሪዎች አይበልጥም። ሽፋኑ ላይ ግን ስሙ አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር።

የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ተጠርጣሪን ማሰቃየት እውነትን የማግኛ ሕጋዊ መንገድ ነበር። ቤካሪያ ግን፣ ስቃይ የሚለየው ጥፋተኛውን ከንጹሑ ሳይሆን ብርቱውን ከደካማው ነው ሲል ተከራከረ። ብርቱ ወንጀለኛ ችሎ ነፃ ይወጣል፤ ደካማ ንጹሕ ሰው ያልሠራውን አምኖ ይቀጣል። ይህን ሳነብ አያቴ ያጫወቱኝ የጥንቱ የሌባ ሻይ ሥርዓት ትዝ አለኝ። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ይሰክርና፣ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ሚላን ውስጥ የሚፈርደው የአጥንት ጥንካሬ ነበር፤ እኛ ጋ ደግሞ የሰከረ ልጅ እግር።

ሰው ለምን ወንጀል ይሠራል ለሚለው ጥያቄ የቤካሪያ መልስ አጭር ነው። ሰው ጥቅሙንና ጉዳቱን ያመዛዝናል፤ ጥቅሙ ካመዘነ ያደርገዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረታችን ይህንኑ ሒሳብ የያዘ ይመስለኛል። ስለዚህ ቅጣት ከወንጀሉ ጥቅም ጥቂት መብለጡ ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈው ጭካኔ ነው። ሌባውም ነፍሰ ገዳዩም እኩል የሚሰቀሉ ከሆነ፣ ሌባው ከትልቁ ወንጀል የሚመለስበት ምክንያት አይኖረውም። ከሁሉ በላይ ያተኮረበት ግን የቅጣቱ ክብደት አይደለም። መያዙ እርግጠኛ ከሆነና ቅጣቱ ሳይዘገይ ከመጣ፣ ቀላሉ ቅጣት ይዞ ከማይደርስ ከባድ ቅጣት ይበልጥ ያስፈራል። ሞትንም በዚሁ መዘነው፦ መግደልን የሚከለክል መንግሥት ራሱ እየገደለ ሕዝቡን ማስተማር አይችልም።

ከመቅጣት በፊት መከላከል ይቅደም ይል ነበር። ሕግ ግልጽ ይሁን፣ ሕዝቡ በሚያውቀው ቋንቋ ይጻፍ፣ ትምህርት ይስፋፋ። የእኛ ፍትሐ ነገሥት በግዕዝ ተጽፎ ለዘመናት የሊቃውንት ብቻ ሆኖ መኖሩን ለምናውቅ፣ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

መጽሐፉ አውሮፓን አዳረሰ። ቮልቴር ማብራሪያ ጻፈለት፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1766 ከተከለከሉ መጻሕፍት መዝገብ አስገባችው። በዚያው ዓመት የፓሪስ ሊቃውንት ጋበዙት። ከአሌሳንድሮ ጋር ሄደ፤ ነገር ግን የቤቱ ናፍቆት አላስቀምጥ አለው። ብዙ ሳይቆይ ጓደኛውን ጥሎ ወደ ሚላን ተመለሰ። በዚህ የተነሳ ከቬሪዎቹ ጋር የነበረው ወዳጅነት ቀዘቀዘ። የሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን መጥተህ ሥራ ብትለውም አልሄደም። ስደትን ለምናውቀው ለእኛ ይህ ድክመቱ ያሳዝናል እንጂ አያስቅም። የቀረውን ዕድሜውን በከተማው የኢኮኖሚ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ስለ ገንዘብ፣ ስለ እህልና ስለ መለኪያ እየሠራ ኖረ። እንደ መጀመሪያው ያለ ሁለተኛ መጽሐፍ አልጻፈም። በ1794 አረፈ።

ሐሳቡ ግን እሱ ያልደፈረውን መንገድ ሄደ። በ1770 ጆን አዳምስ የቦስተን ወታደሮች ጠበቃ ሆኖ ሲቆም ቤካሪያን ጠቅሷል፤ ጀፈርሰንም ከመጽሐፉ ብዙ ገልብጦ ይዟል። በ1786 ቶስካና የሞት ቅጣትን ሰረዘች። በእኛም አገር ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀል ሕግ ተተካ። የአዲሱ ሕግ የመጀመሪያ አንቀጽ ወንጀልንና ቅጣትን አስቀድሞ በማስጠንቀቅ መከላከልን ያስቀድማል። የሞት ቅጣት ግን እዚያው ሕግ ውስጥ አለ። በኔቫዳ ሕግም እንዲሁ። በጋዝ የሞት ቅጣት ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈጸመው በ1924 በዚሁ ግዛት፣ በካርሰን ሲቲ ነው።

ቤካሪያን ፍጹም አድርጌ መሳል አልፈልግም። በሞት ፈንታ ያቀረበው የዕድሜ ልክ ከባድ የጉልበት ሥራ ነበር፤ ያውም ለተመልካች ማስፈራሪያ እንዲሆን። ሰው ሁሉ ተረጋግቶ ያሰላል ማለቱም ለሰከረ፣ ለተናደደ ወይም ሱስ ለያዘው ሰው አይሠራም። ከእሱ በኋላ የመጡት ሌላ ምክንያት ፈለጉ። ሎምብሮዞ በ1876 ባወጣው መጽሐፍ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ ብሎ የራስ ቅል ሲለካ ኖረ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ከሚለው አባባል ብዙም አይርቅም። ሐሳቡ ዛሬ ተቀባይነት የለውም። ሮበርት መርተን ደግሞ በ1938፣ ኅብረተሰቡ ሀብትን ለሁሉ እያሳየ መንገዱን ለጥቂቶች ብቻ ሲከፍት የተዘጋባቸው አቋራጭ ይፈልጋሉ አለ። ማታ ማታ የስትሪፑን መብራት የሚያይ የላስ ቬጋስ ልጅ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ልጆቻችንን የምናስጠናበት የቅዳሜ ፕሮግራማችንም ወንጀል መከላከል ነው ብዬ አምናለሁ።

ወረቀቱን ካስገባሁ በኋላ በሌላ እሑድ፣ ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ፣ አጎቴን አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ ጋሼ፣ የዚያን ሌሊት ለፖሊስ አመልክተው ነበር ወይ? ዝም አለ። ቆይቶም እንዳላመለከተ ነገረኝ። ሰዓቱ እንዳይባክን፣ ቋንቋውም እንዳያስቸግረው ብሎ፣ ደግሞም አይያዝም ብሎ ትቶታል።

ይህን ስሰማ አፈርኩ፤ በእሱ ሳይሆን በራሴ። ሁላችንም ሰውዬው ይሰቀል ብለን ፈርደን ነበር፤ ከመካከላችን ግን ስልክ ያነሳ ወይም አብሬህ ሄጄ ላስተርጉምልህ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እናቴ መዳፏን የምታሳየው ገመድ ፈርታ አይደለም። ካሜራው እንደሚያያት ስለምታውቅ ነው። አጎቴን የዘረፈው ሰው ግን የሚያየው እንደሌለ እርግጠኛ ነበር፤ ያን እርግጠኝነት በከፊል የሰጠነው እኛ ነን።

አጎቴ በማግስቱ አብሬው ሄጄ አመለከተ። ዘግይቷል፤ ሰውዬውም እስካሁን አልተያዘም። ግን ጉዳዩ ተመዝግቧል። አሁን ማኅበራችን ውስጥ ለነጂዎች የሚያስተረጉሙ አምስት ተማሪዎች ስልካቸውን ሰጥተዋል። አንዱ እኔ ነኝ። እንግሊዝኛ የሚቀናችሁ ሁሉ ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ቤካሪያ ስሙን ለመጻፍ የፈራው የሚያስፈራ ዘመን ላይ ስለነበር ነው፤ እኛ ግን የሚያስፈራን የለም።

ቸር ይግጠመን።