ሆድን ሳይከፍቱ ማየት፤ የጌኦርግ ኬሊንግ ሕይወትና ሥራ

አበው በምሳሌያቸው ሆድን ከአገር ያሰፉታል። ምሳሌው የተነገረው ስለ ሰው ምስጢር ቢሆንም፣ ቀዶ ሐኪም ግን እንደ ቃሉ ይቀበለዋል፤ በዚያ ስፋት ውስጥ አንዲት ትንሽ እጢ ያለችበትን ማግኘት አንዳንድ ጊዜ ቆርጦ ከማውጣቱ ይከብዳልና። ሆድን ሳይሰነጥቁ በመሣሪያ ወደ ውስጥ መመልከት እንደሚቻል በጉባኤ ፊት ያሳዩት ጀርመናዊው ሐኪም ጌኦርግ ኬሊንግ ናቸው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኬሊንግ በ1866 በድሬስደን ከተማ ተወለዱ። ሕክምናን በላይፕሲግና በበርሊን ተምረው በትውልድ ከተማቸው ሠሩ፤ ሐሳባቸውም በጨጓራና በአንጀት በሽታ ላይ ያተኮረ ነበር። በዚያን ዘመን በሆዱ ውስጥ ደም የሚፈስሰውን በሽተኛ ለማዳን ሆዱን መክፈት ግድ ነበር፤ የደከመው በሽተኛም ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገናውን አይችለውም ነበር። ኬሊንግ በጥጥ የተጣራ አየር ወደ ሆድ ዕቃ በመንፋት፣ በግፊቱ ኃይል ደሙን ለማቆም አሰቡ። ግፊቱ በውስጥ አካላት ላይ ምን እንደሚያደርስ ለማወቅም፣ የሽንት ፊኛን ለመመርመር የተሠራውን የማክስ ኒትሰን ሲስቶስኮፕ በውሻ ሆድ አስገብተው ተመለከቱ። ሴፕቴምበር 23 ቀን 1901 በሐምቡርግ በተደረገው የጀርመን የተፈጥሮ ተመራማሪዎችና ሐኪሞች ጉባኤ ይህንኑ አሳዩ።

ሥራቸውን ግን ፈጥነው በሰፊው አላሳወቁም። በ1910 ስዊድናዊው ሃንስ ክርስቲያን ያኮቤየስ ዘዴውን በሰው ላይ መሥራታቸውን ሲያሳትሙ፣ ኬሊንግ አስቀድመው በሁለት ሰዎች ላይ መሥራታቸውን ገልጸው የቀዳሚነት ክርክር አነሡ። ነቀርሳ ከሌላ እንስሳ ፅንስ ሕዋሳት ይመነጫል የሚለው ሐሳባቸውም በኋላ ምርምር አልተደገፈም። በዓይን ያሳዩት ጸና፤ በግምት ያቀረቡት ወደቀ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን በችግርና በገንዘብ መርከስ ስትጨነቅ፣ ኬሊንግ በ1923 ዘዴያቸውን እንደገና አቀረቡ። በትንሽ ቀዳዳ ማየት፣ ሆድን ከመክፈት ይልቅ የበሽተኛውን የሆስፒታል ቆይታና ወጪ እንደሚቀንስ አስረዱ። ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ ሐኪም እንግዳ አይደለም። በቆቦና በአላማጣ መካከል ባለችው በዋጃ፣ ሆዱ በረጅሙ የተከፈተ ገበሬ ለብዙ ሳምንታት ዕርፍ ሊጨብጥ አይገባውም፤ የራያ ቆላ ማሽላ ደግሞ የሚዘራበት ወቅት አይጠብቀውም። እንግዲህ ለእርሱ የቁስሉ ማነስ የዓመት እህል ማለት ሊሆን ይችላል።

ኬሊንግ በፌብሩዋሪ 1945 በድሬስደን ላይ በወረደው የአየር ድብደባ ሞቱ። እርሳቸው የከፈቱት መንገድ በሌሎች እጅ ሰፍቶ ላፓራስኮፒ ተባለ፤ ከማየትም አልፎ መቁረጫና መስፊያ ሆነ።

ውርሱ ግን ዕዳም አለበት። ሆድ በተከፈተ ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ አንጀቱን በጣቶቹ መካከል እያሳለፈ እጢውን በመዳሰስ ያገኘዋል። በላፓራስኮፒ ዓይን እንጂ ጣት አይገባም፤ እስከ አንጀቱ ውጫዊ ገጽ ያልዘለቀ ትንሽ እጢም ከውጭ አይታይም። አንጀት የሚለጠጥና የሚተጣጠፍ በመሆኑ በኢንዶስኮፕ የተለካው ርቀት ያሳስታል። ቦታው ሳይረጋገጥ የተቆረጠ እንደ ሆነ ጤናማው አንጀት ወጥቶ ነቀርሳው በሆድ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት በኢንዶስኮፕ አማካይነት የካርቦን ቀለም በእጢው አጠገብ፣ በአንጀቱ ዙሪያ ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ ይወጋል፤ ምልክቱ አንድ ብቻ ከሆነ በስብ ተሸፍኖ ሊሰወር ይችላልና። መርፌው የአንጀቱን ግድግዳ ከበሳ ቀለሙ በሆድ ዕቃ ተበትኖ ያደናግራል። ምልክት ያልተደረገ እንደ ሆነ፣ በቀዶ ጥገናው መካከል ኢንዶስኮፕ አስገብቶ ብርሃኑን ከውጭ መከተል ይቻላል፤ የሚነፋው አየር ግን አንጀቱን አሳብጦ እይታን ስለሚያጠብብ፣ ቶሎ የሚመጠጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመረጣል። ይህም ካልሆነ ሆድን ከፍቶ በእጅ መዳሰስ ለሐኪሙ እንደ ሽንፈት አይቆጠርም።

ኬሊንግ መሣሪያቸውን መጀመሪያ ወደ ሆድ ያስገቡት ለመቁረጥ ሳይሆን የሥራቸውን ውጤት በዓይናቸው ለማረጋገጥ ነበር። ዛሬም በሽተኛው ሠመመን ከመውሰዱ በፊት እጢው የት እንዳለ የሚያረጋግጥ ሐኪም የእርሳቸውን ፈለግ ይከተላል።