ብሌዝ ፓስካል፦ አየርን በተራራ ላይ ያስመዘነው ሰው

ከባሕር ጠረፍ ከተማ ተነስቶ በአይሮፕላን የተጓዘ ሰው፣ ቦርሳው ውስጥ ያስቀመጠውን የድንች ቺፕስ ፓኬት መንገድ ላይ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ቢያገኘው መገረሙ አይቀርም። የእርጎውም ክዳን ወደ ላይ ያብጣል፤ ሳይጠነቀቁ የከፈቱት እንደሆነ ሸሚዝ ላይ ይረጫል። ተበላሽቶ ይሆን? የለም፣ አልተበላሸም። ማንም ምንም አልጨመረበትም። የዚህን ነገር ምሥጢር አይሮፕላን ከመፈልሰፉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ የጻፈ አንድ ፈረንሳዊ ነበረ። የዛሬው ጽሑፋችን የእሱን ሕይወት ይመለከታል። (የዘመን አቆጣጠሩ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።)

ብሌዝ ፓስካል ጁን 19 ቀን 1623 ክለርሞን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። እናቱ የሞተችው ገና በ3 ዓመቱ ነው። አባቱ ኤቲየን በግብር ሥራ ላይ የነበረ ባለሥልጣንና ሒሳብ አዋቂ ሲሆን፣ በ1631 ሦስት ልጆቹን ይዞ ፓሪስ ገባ። ብሌዝን ትምህርት ቤት አላስገባውም፤ ራሱ አስተማረው። የሚገርመው ግን ልጁ ቋንቋ ሳይጠና በሒሳብ ፍቅር እንዳይያዝ ብሎ የሒሳብ መጻሕፍቱን ደበቀበት።

ታላቅ እህቱ ዢልቤርት በጻፈችው የሕይወት ታሪኩ እንደምትነግረን፣ አንድ ቀን ማዕድ ላይ ሳህን በቢላዋ ተነክቶ ሲጮህና እጅ ሲያርፍበት ዝም ሲል ልጁ አስተዋለ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ሙከራ አደረገና ስለ ድምፅ አንድ ጽሑፍ ጻፈ። በ12 ዓመቱ ደግሞ ብቻውን ወለል ላይ በከሰል እየሣለ ጂኦሜትሪ ሲፈልግ አባቱ ደረሰበት። ልጁ የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ ማዕዘኖች ድምር ከሁለት ቀጤ ማዕዘን ጋር እኩል መሆኑን ሊያረጋግጥ ይታገል ነበር! አባትየው ተቆጣ? አልተቆጣም፤ አለቀሰ ነው የምትለው ዢልቤርት። ከዚያ ወዲያ የዩክሊድን መጽሐፍ ሰጠው። በ19 ዓመቱ ለአባቱ የግብር ሒሳብ ማቅለያ የሚሆን የማስሊያ መኪና መሥራት ጀመረ፤ ይህን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት እንለፈው።

ወደ አየር እንመለስ። በዚያ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት ተፈጥሮ ባዶ ቦታን ትሸሻለች እያሉ ያስተምሩ ነበር። ነገር ግን በ1644 ኢጣልያዊው ቶሪቼሊ ረዥም የብርጭቆ ቱቦ በባዜቃ (በሜርኩሪ) ሞልቶ፣ አፉን ባዜቃ በያዘ ሳህን ውስጥ ቢደፋው፣ ባዜቃው ዝቅ ብሎ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ቆመ። ከላዩ ባዶ ቀረ። ታዲያ ይህን ያህል ባዜቃ ደግፎ የያዘው ምንድን ነው? ቶሪቼሊ የአየር ክብደት ነው ብሎ ገመተ። ፓስካልም በ1646 ሩዋን ከተማ ሙከራውን ደገመው፤ ክርክሩ ግን በወሬ እንደማያልቅ ተረዳ። አየር ክብደት ካለው፣ ተራራ አናት ላይ ከበላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ ባዜቃው ዝቅ ማለት አለበት። እንግዲህ መውጣት ነው!

ምን ይደረግ፣ እሱ መውጣት አልቻለም። ከ18 ዓመቱ ጀምሮ ሕመም ያልተለየው ሰው ነበር፤ በ1647ማ በክራንች እስከ መሄድ ደርሷል። ስለዚህ ክለርሞን ለሚኖረው ለዢልቤርት ባል ለፍሎራን ፔሪዬ ጻፈለት። ፔሪዬ አሥር ወር ያህል ቆይቶ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 የከተማውን ሰዎች አስከትሎ ፒዩ ደ ዶም የተባለውን 1,465 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ግን ሁለት ቱቦዎች አዘጋጅቶ፣ አንዱን እግረ ተራራው ባለው ገዳም አትክልት ቦታ ተወው፤ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቀው አደራ ሰጠ። (ሙከራ የምታስተምሩ ሁሉ ይህቺን መነኩሴ ልብ በሉልኝ፤ ያለ እሱ የተራራው ውጤት ምንም አይረጋገጥም ነበር።) ታች 71 ሴንቲ ሜትር ያህል የነበረው ባዜቃ አናቱ ላይ 63 ያህል ሆነ። ፔሪዬ ዓይኑን አላመነም፤ በቤተ ጸሎቱ ውስጥ፣ ደጅ፣ በነፋስ፣ በጉም፣ አምስት ጊዜ ደጋገመው። ያው ነው። ሲወርድ መነኩሴው ቱቦው ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አላለም አለው።

ደካርት ሐሳቡን የሰጠሁት እኔ ነኝ ብሎ ነበር። ሐሳቡ የማንም ይሁን፣ ያስሞከረው ፓስካል ነው።

ከ1654 በኋላ ፓስካል አብዛኛውን ሐሳቡን ለሃይማኖት ሰጠ። በ1662 ፓሪስ ውስጥ ሕዝብ በጥቂት ሳንቲም የሚሳፈርበት የፈረስ ጋሪ አገልግሎት እንዲቋቋም ካደረጉት አንዱ እሱ ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት 19 ቀን በ39 ዓመቱ በእህቱ ቤት አረፈ። ስለ አየር ክብደት የጻፈው መጽሐፍ ታትሞ የወጣው ከሞተ በኋላ በ1663 ነው።

እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነው ፊኛዋ ያለችው። ግማሽ ድረስ የተነፋች፣ የሟሸሸች ፊኛ ተራራ ሲወጡባት በራሷ እየተነፋች ትሄዳለች፤ ሲወርዱ መልሳ ትሟሽሻለች ይላል። ከውጭ የሚጫናት አየር ሲቀንስ የውስጡ ይንሰራፋል ማለት ነው። የቺፕሱ ፓኬት ከዚች ፊኛ በምን ይለያል? አይሮፕላን 10 ሺህ ሜትር ላይ ሲበር የመንገደኞቹ ክፍል አየር ይታመቃል፤ ነገር ግን የአካሉ ግድግዳ ከመጠን በላይ እንዳይወጠር ግፊቱ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ይደረጋል። ስለዚህ ባሕር ጠረፍ የታሸገ አየር፣ ፓኬቱ ከፈቀደለት፣ እስከ አንድ ሦስተኛ ሊጨምር ይችላል። (ጠንካራ ቆርቆሮ እምብዛም አይነካውም። ቤት ውስጥ ያበጠ የቆርቆሮ ምግብ ካያችሁ ግን ጀርም ያመጣው ጋዝ ሊሆን ስለሚችል ጣሉት።)

እኛ ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ የታሸገ ብስኩት በረራ ላይ ብዙም አያብጥም፤ ጅቡቲ ሲያርፍ ነው የሚሟሽሸው። ከወደብ በመኪና የመጣ ቺፕስ ደግሞ አይሮፕላን ሳያይ አዲስ አበባ ተወጥሮ ይደርሳል። አየር ሸጡልን ብለን ባለሱቁን የምናማው በከፊል ለካስ ያለ ጥፋቱ ነው!

በ1971 የግፊት መለኪያ በስሙ ፓስካል ተባለ። የአዲስ አበባ አየር ወደ 76 ሺህ ፓስካል ይሆናል፤ የባሕር ጠረፉ 101 ሺህ ገደማ ነው። ለዕረፍት ወደ ቆላ የምትወርዱ ሁለት ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች እዚህ አጥብቃችሁ ክደኑ። አንዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲጨረማመት ታዩታላችሁ። ሁለተኛውን እዚህ ለሚቀር ጓደኛ ስጡት፤ እንደ መነኩሴው ይጠብቀው።