ከገና ሜዳ እስከ ሮም ጎዳና፦ የሻምበል አበበ ቢቂላ የሩጫ ዘመን

ሰብል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ የደጋው ሜዳ ለጥቂት ቀናት የገና ተጫዋቾች ይሆናል። ጫፉ የጎበጠ ዱላ፣ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራ ሩር፣ ጎራ ለይቶ የሚጋጠም የመንደር ጎረምሳ ካለ ሌላ አያስፈልግም። በውጭ አገር በሣር ላይ የሚካሄደው ሆኪ የዚህ ጨዋታ የሩቅ ዘመድ ይመስላል። ሆኪ ግን በተለካ ሜዳ የተወሰነ ነው፤ በገና አንዳንዴ ግቡ ኪሎ ሜትሮችን ስለሚርቅ ከእጅ ይልቅ እግርንና ትንፋሽን ይፈትናል።

ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በተባለች መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላ በልጅነቱ የተጫወተው ይህንኑ ነበር። ሯጭ ለመሆን ያሰለጠነው ሰው በዚያ ዕድሜው አልነበረውም፤ ሜዳውና ሩሩ ግን ነበሩት።

ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ከሱሉልታ ኮረብታዎች አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ስለነበር፣ የስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ዓይን አረፈበት።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በአገር ቤት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። አበበ በዚያ ምሽት በሮም ማራቶን ተሰለፈ። የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ መሮጥን መረጠ፤ ለደጋ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። መንገዱ ወራሪው ጦር ከአክሱም ዘርፎ ባቆመው ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም እስከ መጨረሻው ሊለቀው አልፈለገም ነበር። አበበ ግን ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ጥሎት ሄዶ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ሰዓቱ በወቅቱ የዓለም ምርጥ፣ ወርቁም ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ሆነ።

ሰው ሁሉ የሚያነሣው የሮሙን ባዶ እግር ነው፤ የቶኪዮው ድል ግን ከዚያ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም። ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በትርፍ አንጀት ሕመም ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን ጫማ አጥልቆ ሁለተኛውን በአራት ደቂቃ ቀድሞ ገባ፤ ሰዓቱም 2፡12፡11 ነበር። ከዚያም ሣር ላይ ወጥቶ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ፤ ተመልካቹም በግርምት አየው። ከእርሱ በፊት የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ አልነበረም።

በሜክሲኮ እግሩን ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ አመጣው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። ከዚያች ቀን በኋላ አበበ በእግሩ አልቆመም። እንግሊዝ በሚገኘው የስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ሲታከም፣ ያንን ሁሉ መንገድ ያቋረጡት እግሮች የማይታዘዙ ሆነው ቀሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል፤ አበበ ግን ውድድር ያለ እግርም እንደሚቻል ሲያይ ቀስት አነሣ። በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንዴቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በቀጣዩ ዓመት በእንግድነት በተጋበዘበት ኖርዌይ፣ በረዶ ሳያውቅ ያደገው ሰው በውሻ በሚጎተት መንሸራተቻ ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከጉዳቱ ጋር በተያያዘ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ሥርዓተ ቀብሩ አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲፈጸም፣ ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸኝቶታል።